ለ19 ዓመት ልጅ የቤት መኪና ለማዋስ የትኛው ኢንሹራንስ ይሻላል? (ደሴ/ኮምቦልቻ)

እናት ከሮቢት
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ልጄ 19 ዓመቱ ነው፣ በቅርቡ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ አወጣ። መኪናዋ የአባቱ ናት፣ ኮድ 2 ቪትዝ፣ ሊብሬውም በሱ ስም ነው። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተዋስኩ ኮምቦልቻ አያቴ ጋ ወርጄ ልመለስ ይላል፣ እኔ ሀረጎን፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ሳስብ ሆዴ ይላወሳል። ያለን ሶስተኛ ወገን ብቻ ነው፣ አባትየው በቂ ነው ይላል፣ እኔ ግን አልመሰለኝም። ልጁን በስሙ ማስገባት ይቻላል? ለወጣት ሹፌር ደሴ ላይ የትኛው ይሻላል? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ፒያሳ ታች
መድን ድርጅት። ሌላ አትዩ። አባቴ እዛ ነበር፣ እኔም እዛ ነኝ፣ ልጆቼም እዛው ነው የሚገቡት። ከ1968 ጀምሮ ያለ የመንግስት ድርጅት ነው፣ ነገ ተነስቶ አይጠፋም።

ቦርከና ዳር
@ፒያሳ ታች ጥያቄው እኮ ወጣት ሹፌር ላይ ነው። ለ19 ዓመት ልጅ ምን ይላሉ?

ፒያሳ ታች
እሱን ጠይቄ አላውቅም፣ ግን ችግር አይኖርም። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ጨዋ ናቸው።

የተቃጠለው
እኔ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቼ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም። ታናሽ ወንድሜ መኪናዬን ወስዶ ጢጣ ጋ የቆመ አይሱዙ ኋላ ገባ። እሱ አልሀምዱሊላህ ምንም አልሆነም፣ ኮፈኑ ራዲያተሩ መብራቱ ግን አለቀ። ሄድኩ፣ የፖሊስ ሪፖርት አምጣ አሉኝ አመጣሁ፣ ፕሮፎርማ አምጣ አመጣሁ፣ ከዛ መኪናዋን የሚያይ ሰው ይመጣል ጠብቅ፣ ጠበቅኩ፣ መኪናዋ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ዝናብ እየመታት እኔ በባጃጅ ስራ እየሄድኩ። መጨረሻ ላይ የሰጡኝ የጥገናውን ግማሽ እንኳን አይሞላም። አንዱ ሹፌሩ ወጣት ስለሆነ ኤክሰሱ (ከኪስህ የምትከፍለው ድርሻ) ይጨምራል አለኝ፣ ሌላው መኪናዋን ያስገባሃት በድሮ ዋጋ ነው አለኝ። ታዲያ በየዓመቱ ሳድስ አረቦኑን (የኢንሹራንስ ክፍያውን) ቆጥረው ሲቀበሉኝ አንድ ሰው እንኳን ዋጋው ይስተካከል አይለኝም? ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ!!

ሳላይሽ
ኧረ የቱ ነው? በውስጥ ላክልኝ እባክህ፣ የኔ በዚህ ወር ያልቃል።

ሆጤ ልጅ
እኔም ልክ ላድስ ነበር፣ ለኔም ላክልኝ

የተቃጠለው
ስሙን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም፣ ጉዳዩ ገና በቅሬታ ላይ ስላለ ነው። ግን ወንድሞቼ ፖሊሲያችሁን አውጥታችሁ አንብቡ፣ ያ በደቃቅ ፊደል የተፃፈው ነው ጉዱ ያለበት።

ተሳቢ ነጂ
ኢንሹራንሱን ለጊዜው ተዉትና ልጁ ሀረጎን እንዴት እንደሚወርድ አስተምሩት። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ነው ነገሩ። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ሸራው ይግልና ፍሬኑ እምቢ ይላል። ቪትዟ ኦቶማቲክ ከሆነችም ዲ ላይ አይተዋት፣ ወደ ዝቅተኛው ያውርዳት ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። ጉም ሲሆን ረጅም መብራት አያብራ፣ ጉሙ መልሶ ዓይኑ ላይ ነው የሚያበራበት። ደግሞ ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ ተሳቢ ኩርባ ላይ መንገዱን ሰፋ አርጎ ነው የሚይዘው፣ ወደን አይደለም ርዝመቱ ነው፣ እዛ ጋ ለመቅደም አይሞክር። ወላሂ የምለው ከልቤ ነው፣ ብዙ አይቻለሁ።

አራዳ
ቀላሉ መፍትሄ ልጁ ሚኒባስ ይሳፈር። ኤክሰስ የለ፣ ፕሮፎርማ የለ፣ የረዳቱ ስድብም በነፃ ነው።

እማማ ሐይቅ
@አራዳ እናት ጭንቀቷን ፅፋ ቀልድ ምን አመጣው? አብሽሪ እህቴ፣ የኔም ልጅ በዚህ እድሜው ነው የጀመረው፣ አሁን ትልቅ ሹፌር ነው።

ክሌም ላይ የሰራሁ
ከዚህ በፊት ኢንሹራንስ ቤት ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ክፍል ሰርቻለሁ፣ አሁን ወጥቻለሁ፣ ለማንም አልወግንም። እናታችን፣ በኛ ሀገር በዋናነት የሚገባው መኪናዋ ናት፣ ሹፌሩ አይደለም። ሶስተኛ ወገን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፣ ልጁ ሌላ ሰው ቢገጭ ወይ የሰው ንብረት ቢያበላሽ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናል፣ የራሳችሁን ቪትዝ ግን አንድ ብሎን አይተካም። ለአባትየው ደግሞ ይሄን ያንብቡላቸው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ጉዳት ሲያደርስ ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ መሪውን የያዘው ልጁ ቢሆንም። ስለዚህ ከጣሪያው የሚተርፈው ካሳ የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስማቸው ያለ ሰው ጋ ነው። በቂ ነው የሚሉት ይሄን ካላዩ ነው።

ሙሉ ኢንሹራንስ ላይ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ፈቅዶለት የሚነዳ፣ ለመኪናዋ የሚሆን የፀና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሽፋን ውስጥ ይገባል፣ በስም መመዝገብ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ጣጣው ኤክሰሱ ላይ ነው፣ ማለትም ከጉዳቱ መጀመሪያ እናንተ የምትከፍሉት ድርሻ። ወጣት ወይ ልምድ የሌለው ሹፌር ከሆነ ተጨማሪ ኤክሰስ የሚጥሉ አሉ፣ የዕድሜው ወሰንና መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል። ስለዚህ "የትኛው ይሻላል" ከማለት ይልቅ ሁለት ሶስት ቦታ ሄደው "19 ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ አዲስ ነው፣ ቢገጭ ከኪሳችን ስንት ይወጣል" ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በፅሁፍ ይቀበሉ። አረቦን ርካሽ የሆነበት ቤት ኤክሰሱ ከባድ ሊሆን ይችላል። ልጁ እንደሚነዳ ደግሞ አይደብቁ፣ ቅፁ ላይ የተደበቀ ነገር ክሌም ሲመጣ ነው የሚወጣው።

@የተቃጠለው ያንተ ነገር ያሳዝናል፣ ግን የዋጋው ጉዳይ እንዲህ ነው የሚሰላው። እንበል መኪናዋ ዛሬ ገበያ ላይ 1,600,000 ታወጣለች፣ አንተ ያስገባሃት በ800,000 ነው። ግማሿን ነው ያስገባኸው ማለት ነው። 100,000 ብር ጉዳት ቢደርስ 50,000 ነው የሚከፈልህ፣ ከሱም ላይ ኤክሰሱ ይነሳል። የመኪና ዋጋ እንዲህ በጨመረበት ጊዜ ይሄ ብዙ ሰው እየጎዳ ነው፣ ሲያድሱ አለመንገራቸው ግን በጣም ልክ አይደለም፣ በዛ እስማማለሁ።

የተቃጠለው
እንደዚህ አርጎ ያስረዳኝ አንድ ሰው ቢኖር እኮ ጨምሬ እከፍል ነበር። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ፒያሳ ታች
መድን ድርጅት ብትሆን ይሄ ሁሉ አይደርስብህም ነበር።

ቦርከና ዳር
@ፒያሳ ታች ኧረ ወንድሜ የተጻፈውን አንብብ፣ ስሌቱ የትም ቢሄድ ያው ነው

ሆጤ ልጅ
ልጁ በመኪናዋ ራይድ ቢሰራስ? ጓደኛዬ ኮድ 2 ይዞ ማታ ማታ ይሰራል።

ክሌም ላይ የሰራሁ
የግል መገልገያ ተብላ የገባች መኪና ሰው በክፍያ ጭና ከተገኘች ክሌሙ ሊወድቅ ይችላል። መንጃ ፈቃዱ ካለፈበት ወይም ጠጥቶ ከነዳም ያው ነው። ይሄን ለልጁ ራሱ ንገሩት፣ ቁልፉን ለጓደኛው እንዳይሰጥም።

ቁርቁር
ያ ጀማዓ፣ ወለድ የሌለበት ኢንሹራንስ ዕውነት አለ ወይስ ወሬ ነው?

ሳላይሽ
አለ፣ ተካፉል ይባላል። ብሔራዊ ባንክ ፈቅዷል፣ መደበኛዎቹ ድርጅቶችም በመስኮት፣ ማለትም ለብቻው በተለየ ክፍል፣ የሚሰጡ አሉ። የደሴው ቅርንጫፍ መስጠት አለመስጠቱን ግን ሄደህ ጠይቅ። የወጣቱን ኤክሰስ እዛም መጠየቅ እንዳይረሳ።

እናት ከሮቢት
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ቁጥር 2081ን ለአባትየው አነበብኩለት፣ መልሶ አምጪው ብሎ ራሱ አነበበው። አሁን ደግሞ ፍሬኑ ይታይ እያለ ነው፣ ከተሳቢው ወንድማችን ምክር በኋላ። ፍሬን የሚያይ ታማኝ መካኒክ ታውቃላችሁ?

ተሳቢ ነጂ
ፍሬን ከሆነ ኮምቦልቻ ይውረዱ። ከባድ መኪና ስለሚበዛ መካኒኮቹ ፍሬን ላይ የበሰሉ ናቸው።

ፒያሳ ታች
ፍሬኗ የሚያጠራጥር መኪና ይዘው በሀረጎ ይውረዱ ነው የምትለው? ደሴ ምን አነሳት? ሸዋ በር እኔ የምሄድበት አለ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰጠው።

ተሳቢ ነጂ
እሱስ ልክ ነህ። ደሴ ይታይላቸው።

ክሌም ላይ የሰራሁ
እናታችን፣ መካኒኩ ጋ ሲሄዱ ደረሰኝ ይቀበሉ። ኢንሹራንስ ሲገቡ መኪናዋን ያዩዋታል፣ ፎቶም ያነሳሉ፣ ስለዚህ ያለባትን አሮጌ ጭረት ቀድመው ያሳዩ። የሊብሬውንና የልጁን መንጃ ፈቃድ ኮፒ ይያዙ፣ አባትየውም ቢመጡ ጥሩ ነው፣ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው።

ቁርቁር
@ሳላይሽ ተካፉሉን ጠየቅኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ።