በለጠ ጫካ ውስጥ መኪና አቁሞ ማደር፦ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሸቤ አጠገብ ወዳለው የበለጠ ጫካ ለጥር ባሰብነው የአራት መኪና ጉዞ ማደሪያችን የት ይሁን በሚለው ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ግማሹ «ሆቴል ከያዝን አልጋ ያለው መኪና ለምን ሠራን?» ይላል። ግማሹ ደግሞ በመኪና ጫካ ገብቶ ማደር ጭራሽ መከልከል አለበት ባይ ነው። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም፤ ምክንያቴን ልንገራችሁና ክርክሩን እዚህ እንጨርሰው።

የአባዱላዬን ወንበር አውጥቼ አልጋ የገጠምኩት ራሴ ነኝ። ባለፈው ኅዳር ብቻዬን ወደ ቦንጋ ስሄድ በለጠ ላይ መሸብኝ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የምትታጠፍ ጠባብ መንገድ አየሁና ገባሁ። ሞተር አጠፋሁ፣ መብራት አጠፋሁ፣ መጋረጃ ጋረድኩ። ሰው ስላላየሁ ሰው የሌለበት ቦታ መሰለኝ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የባትሪ መብራት መስታወቱ ላይ በራ። ሰባት ሆነው መጥተዋል። አንድ ሽማግሌ በበትራቸው ጫፍ በሩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና «ክፈት» አሉኝ። ስከፍት ፊቴን እንኳ አላዩም። ፍራሹን አነሱ፣ ከሥሩ ያለውን ሳጥን ከፈቱ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። እሸት ቡና በጆንያ ታጭቆ ከሆነ ሽታው እንደማይደበቅ ያውቃሉ። ድስት፣ ሽንኩርትና ብርድ ልብስ ብቻ መሆኑን ካዩ በኋላ ነው ፊታቸው የተፈታው። «ልጄ፣ የመሸበት እንግዳ ቤት ይመጣል እንጂ ጫካ ይደበቃል?» አሉኝ። ያን ሌሊት መኪናዬን ግቢያቸው አስገብቼ አደርኩ።

አቋሜ ይኸው ነው፦ ማደሩ አይከልከል፣ ሳያስፈቅዱ ማደር ግን ይቅር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሶ ባለ ቦታውን መጠየቅ፣ አንድ ሌሊት አድሮ መሄድ። የሚቃወም ይናገር።

የሸቤዋ፦
እኔ እቃወማለሁ። ያገኙህ ሰው ደግ ሆነውልህ ነው።

አባቴ የጫካ ቡና አለው። ከተሜው ጫካ ሲያይ የማንም ያልሆነ ይመስለዋል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ይናገራል፤ ቡናው ግን ባለቤት አለው። ድንበሩ አጥር የለውም። አንድ ዋንዛ፣ አንድ ጉድባ ወይም የወደቀ ግንድ ነው ድንበሩ፤ ከእሱ ወዲህ የእኛ፣ ወዲያ የአጎቴ። ዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። መሬቱ ላይ ደግሞ፣ የጫካ ቡና ራሱን በራሱ ስለሚተካ፣ የወደቀው ፍሬ በቅሎ ከጣት የማይበልጥ ችግኝ ይሆናል። የረገፈ ቅጠል ስለሚሸፍነው አይታይም። አንድ መኪና ወደኋላ ብሎ ሲያዞር የሚያጠፋውን ለማወቅ ጎማው ባለፈበት ላይ ተንበርክኮ ቅጠሉን በእጅ መግለጥ ይጠይቃል። እኔ ገልጬ አይቻለሁ።

ጊዜውንም አስቡት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ነው። ወንዶቹ ማማ ላይ እያደሩ ዝንጀሮና ሌባ ይጠብቃሉ። በዚያ ሰሞን መብራት አጥፍቶ ጫካ ውስጥ የቆመ መኪና ለእኛ ቡና ሊጭን የመጣ ሌባ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ደንግጦ የሚተኩስ ቢኖርስ? የሟችም የገዳይም ቤት ይፈርሳል፤ ያኔ «ተፈጥሮ ልናይ ነበር» ማለት ማንን ይመልሳል?

ከኦስሎ፦
እኔ ጅማ ነው ተወልጄ ያደግሁት፤ አሁን የምኖረው ኖርዌይ ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለ ሕግ አለ። ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ርቆ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ እስከ ሁለት ሌሊት ድንኳን ተክሎ ያድራል። ልጆቼ ጫካን የለመዱት በዚህ ነው። የእኛ ልጆች የአገራቸውን ጫካ ከመኪና መስኮት ብቻ አይተው ማደጋቸው ያሳዝነኛል። ክልከላ ከጀመርን መጨረሻው የት ነው?

አስጎብኚው፦
ወንድሜ፣ የልጆቹ ነገር እኔንም ያሳስበኛል። ሕጉን ግን እስከ መጨረሻው ንገረን። ያ መብት የእግረኛ ነው። እዚያው ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሌላ ሕግ በሞተር ተሽከርካሪ ከመንገድ ወጥቶ ሜዳና ጫካ ውስጥ መንዳትን ይከለክላል። የስኮትላንድም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የመሬት ሕጋቸው ድንኳን ተሸክሞ ለሚመጣ በሩን ሲከፍት በሞተር ለሚገባ አልከፈተም።

ደግሞ «ያልታረሰ መሬት» ስትል እናንተ ጋ ትርጉም አለው። በለጠ ላይ ግን ጫካው ራሱ ማሳ ነው። ሞፈር ስላልገባበት ያልታረሰ እንዳይመስልህ።

ከኦስሎ፦
የሞተሩን አለመጥቀሴ ስህተት ነው፣ ተቀብያለሁ። የማሳውንም ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ግን መንገድ ዳር ማቆምስ? አስፋልት ላይ ችግኝ የለም።

አይሱዙ፦
ስለ መንገድ ዳር እኔን ጠይቁኝ። 19 ዓመት ጋቢና ውስጥ አድሬአለሁ። ጭር ያለ መንገድ ዳር ወድጄ አድሬ አላውቅም፤ ማደያ ወይም ከተማ መግቢያ ላይ መብራት ያለበት ቦታ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ጥበቃውን ሰላም እላለሁ፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ስሜን ያውቃል፣ ከዚያ እተኛለሁ። የሂርማታው ልጅ «ማስፈቀድ» ያለው እኛ ጋ የቆየ ሥራ ነው።

የሚያስፈራኝ ክልከላው ነው። «መኪና ውስጥ ማደር ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ቢወጣ መጀመሪያ የምቀጣው እኔ ነኝ እንጂ አልጋ ያሠራው ሰው አይደለም። እሱ ሆቴል መያዝ ይችላል። ክረምት ላይ ጭቃ ይዞኝ፣ ጎማ ፈንድቶብኝ፣ ጭነት ትቼ መሄድ አቅቶኝ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ስንት ናቸው! ይከልከል ስትሉ እኛን አስቡን።

የሸቤዋ፦
ጋሼ፣ እርስዎንማ ማን ይነካል? መኪና የተበላሸበት ሰው ቢመጣ ውኃ ይዘን የምንወጣው እኛው ነን። እኔ የምለው ከአስፋልት ወርዶ ጫካ መግባትን ነው። አገላለጼ ሰፍቶብኝ ከሆነ አጠብበዋለሁ።

ባዮሎጂ፦
ጫካው ከቀረ ጅማ አጠገብ ያለው ቦዬ ረግረግ ዳር እንደር ያላችሁ ሁለት ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። ቦዬ ላይ ጉማሬ አለ፤ ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውልና ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። ድንኳን ወይም መኪና ወደ ውኃው የሚመለስበት መንገድ ላይ ካገኘ ዞሮ አይሄድም። በአካባቢው ገበሬና በጉማሬው መካከል ያለው ግጭት ራሱ ይበቃል።

ግልገል ጊቤ ግድብ ዳር ያላችሁትም አጎበር አትርሱ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራ ጥናት ለሐይቁ ቅርብ የሆኑ መንደሮች ልጆች ከሐይቁ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል።

የሁለት ልጆች እናት፦
አንድ ሰው እንኳ ያላነሳውን ልጠይቅ። ሽንት ቤቱስ? ከልጆች ጋር ነው የምሄደው።

የሂርማታ ልጅ፦
እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪናችን ላይ ያለው ባልዲ ክዳን ያለው ነው፤ የሚደፋው ከተማ ስንመለስ እንጂ መንገድ ላይ አይደለም። ባልዲ የሌለው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ቆፍሮ ይቅበር፣ ከውኃም ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ። ዳይፐር፣ ወረቀትና የሃይላንድ ጠርሙስ አይቀበርም፤ በፌስታል ታስሮ ወደ ቤት ይመለሳል።

የሸቤዋ፦
60 ሜትሩን ከየትኛው ውኃ ነው የምትለካው? ምንጫችን ከድንጋይ ሥር ነው የሚወጣው፤ የማያውቀው ሰው ከጎኑ ቆሞም አያየውም። የሰፈሩን ሰው ሳትጠይቅ ሜትር አይሠራም።

የሂርማታ ልጅ፦
እኔም የምለው እኮ ይሄንኑ ነው፤ ጠይቀን እንግባ!

አስጎብኚው፦
መጠየቅ ብቻ አይበቃም፣ መክፈልም አለ። በለጠ ጌራ ላይ በጃፓኑ የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የተቋቋሙ ዋቡብ የሚባሉ የደን ማኅበራት አሉ። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው እነዚህ ሰዎች ስለሚጠብቁት ነው። በነፃ አድሮ፣ ጉሬዛ ፎቶ አንስቶ፣ ምሳውን ከጅማ ይዞ የመጣ እንግዳ ለጠባቂው ምን ተወለት? ለማኅበሩ ይከፈል፣ በደረሰኝ።

አይሱዙ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። እንግዳ የማደሪያ አይጠየቅም። እንግድነት ሦስት ቀን ነው ተብለን ነው ያደግነው። ዛሬ ግቢው ላይ ዋጋ ከለጠፍን ነገ ገንዘብ የሌለው መንገደኛ በር ላይ ይቀራል።

የሂርማታ ልጅ፦
ጋሼ፣ እኔም ለሽማግሌው ብር ስዘረጋ እጄን መለሱት፤ አፍሬ ነው የከተትኩት። ጠዋት ግን ልጃቸው ማር እንደሚሸጥ ሰማሁና ሁለት ኪሎ በከተማ ዋጋ ገዛሁ። እሱን ተቀበለኝ። ለማኅበር በደረሰኝ መክፈልም ጥሩ ነው፤ ሰው ቤት ስናድር ግን ያለውን መግዛት የሚሻል ይመስለኛል።

አስጎብኚው፦
ማር የሌለውስ? ሐሳብህ ለአንድ መኪና ይሠራል፤ በየሳምንቱ አሥር መኪና ሲመጣ ግን አይሠራም። እኔ በደረሰኙ እጸናለሁ።

የሸቤዋ፦
አባቴን ደውዬ ጠየቅሁት። ክልከላው ላይ አቋሜ አልተለወጠም፤ ቡና ዛፍ ላይ እያለ ማንም በመኪና ጫካ አይግባ። ጥር ላይ ግን ለቀማው አልቋል፣ «ይምጡ» ብሏል። ግቢው ሁለት መኪና ይይዛል፣ አራት አይችልም። የቡና ማድረቂያው አልጋ ያለበትን ጎን አትንኩ። እሳት ውጭ አይነድም፤ ጥርና የካቲት የረገፈው ቅጠል ደረቅ ነው። እናቴ ምድጃ አላት፣ እዚያ ታበስላላችሁ።

የሂርማታ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን። ሁለት መኪና እንቀንሳለን። የሁለት ልጆች እናት፣ አንቺና ልጆቹ ከእኔ ጋር ግቡ፤ ሌሎቹ ሸቤ አልጋ ይያዙ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ግቢው በር ላይ እንደርሳለን።