ዘር ፍሪዘር ውስጥ ይሞታል እንዴ?

የኮምቦልቻው፦
ሰላም ያ ጀማዓ። እኔ የድሮ የማሽላ ዘር እሰበስባለሁ። ሰው ቴምብር ይሰበስብ የለ? እንደዚያ ነው። ወተት በጉንጬ፣ ማር ጩቄ፣ ጅጉርቲ፣ ደጋሊት... 11 ዓይነት ደርሻለሁ። ብዙውን እናቴ ናት ከቃሉ የምትልክልኝ።

አምና ኅዳር ላይ ወተት በጉንጬው በተወቃ በሳምንቱ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ሞላሁት። ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ፍሪዘር ከተትኩ። ሰሞኑን 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ብሞክር የበቀለው 3 ብቻ! እናቴ «ብርድ ገደለው፣ ዘር ጭስ ነው የሚወደው» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ «አየር አጥቶ ታፍኖ ነው» ይላል። ማንን ልመን?

የሐይቋ፦
አብሽር ወንድሜ። ብርዱን አትውቀሰው። የዘር ባንኮች ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ግን መጀመሪያ በደንብ ያደርቁታል። እርጥብ ዘር ፍሪዘር ሲገባ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ፅንሱን ይጎዳዋል። «በተወቃ በሳምንቱ» ስትል ነው ነገሩ የገባኝ።

ጓደኛህም ተሳስቷል። የደረቀ ዘር እንቅልፍ ላይ ነው፣ ትንፋሹ ከምንም አይቆጠርም። አየር ባስገባህለት ቁጥር እርጥበት ነው የምታስገባለት።

መድረቁን በጥርስህ ሞክር። ቋ ብሎ ካልተሰበረ ገና ነው። ወይ ደረቅ ጨውና ዘር ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርገህ ነቅንቅ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ተወው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀስ? ጎተራ ይገባል እንጂ ለፍሪዘር ገና ነው፤ ወደ 7 በመቶ መውረድ አለበት። ከጫማ ካርቶን የሚወጣውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣል። ቆላ ቆላ ተደርጎ የቀዘቀዘ ሩዝም በጨርቅ ታስሮ አብሮ ከታሸገ እርጥበት ይመጥጣል።

በግምት የሚሠራ ሕግ አለ። እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲቀንስ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንደዚሁ። ስለዚህ በደንብ ካደረቅከው ፍሪዘሩም ቅንጦት ነው። ደሴ ያለ ዘመድ ቁም ሳጥን ከኮምቦልቻ ሙቀት ይሻላል።

አባ ቆቦ፦
ልጆች፣ ጭሱን አትናቁት። ዛላውን ከምድጃው በላይ ስንሰቅል ይደርቃል፣ ነቀዝም አይጠጋውም። ለጎተራው ደግሞ ጤፍ እንቀላቅልበታለን። ጤፉ ክፍተቱን ይሞላውና ነቀዝ መላወሻ ያጣል። ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ አታስጡ፣ ዘሩን ታበስሉታላችሁ። በ77 ዘራችንን ሳይቀር በላነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ዛላ ሳልሰቅል ከርሜ አላውቅም።

የኮምቦልቻው፦
አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እናቴ ይህን ስታነብ አታስቀምጠኝም።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለእንግዳ ላሳይ ብዬ ፕላስቲኩን ሁለት ሦስቴ ከፍቼዋለሁ። ውስጡ ላብ ላብ ይለው ነበር።

የሐይቋ፦
በል ሌላው ጥፋት እሱ ነው! ቀዝቃዛ ዕቃ ሲከፈት የውጭው አየር እርጥበት ዘሩ ላይ ውሃ ይሆናል። ካወጣኸው በኋላ እንደታሸገ አሳድረው፣ ጠዋት ክፈት። ዘሩን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍለህ አሽግ፣ አንዱን ስትነካ ሌላው አይነካም። ደግሞ ሁሉም ዘር ማሽላ አይደለም። የማንጎና የአቮካዶ ፍሬ ከደረቀ አለቀለት።

የኮምቦልቻው፦
የቀሩትንም ሞከርኩ። ደጋሊቱ ከ20ው 17ቱ በቀለ፤ ከቆቦ ሲመጣ ደርቆ ነበር። ከእናቴ ምድጃ በላይ ከተሰቀለው ማር ጩቄ 19! በስልክ ጆሮዬ ላይ ሳቀችብኝ። ወተት በጉንጬው ግን አለቀ፣ እሷም ጋ የለም። ቃሉም ይሁን ተሁለደሬ አንድ ዛላ ያለው ሰው በደጋሊት እለውጠዋለሁ።