የመልእክት ሳጥን ትቅር ወይስ ትቆይ? የሰሜን ሸዋ ግሩፕ ክርክር

አወያይ (ደብረ ብርሃን)፦ የዛሬው ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ላይ ስንሠራ ስክሪኑ መሃል መልእክት ይዛ ድንገት ብቅ የምትለው ሳጥን ትቅር ወይስ ትቆይ? ስድብ የለም።

ፋርማሲስት (ሸዋ ሮቢት)፦ ትቅር! ሰው ተሰልፎ እያየኝ «ተመዝግቧል፣ እሺ»። ደግሞ «ታትሟል፣ እሺ»። መታተሙንማ ወረቀቱን እያየሁት! አሁንማ ሳላነብ ኢንተር መምታት ለምዶብኛል።

ሂሳብ ሠራተኛ (መሐል ሜዳ)፦ ልጄ፣ እኔ አልስማማም። ሰኔ 30 የዓመቱን ሂሳብ ስዘጋ «ይዘጋ?» ብሎ ካልጠየቀኝ ጉድ ፈላ። ከተዘጋ በኋላ ማን ይከፍትልኛል?

ፕሮግራመር (ደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ እሷም ልክ ናት። ሳጥኗ መልስ እስክታገኝ ፕሮግራሙን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። ለ«ታትሟል» ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? እሱ ከመስኮቱ ግርጌ በትንሹ ይጻፍ። የምናበዛት እኛው ነን፤ በአንድ መስመር ኮድ ስለምትመጣ። እህቴ፣ አንቺን ግን ኢንተሯ አስፈርታኛለች። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራመሩ ካልቀየረው ቀድሞ የሚመረጠው የመጀመሪያው ቁልፍ ነው። «ይሰረዝ? አዎ፣ አይ» ላይ ኢንተር ማለት «አዎ» ነው።

ፋርማሲስት፦ በስመአብ! ስንቱን ሰርዤ ይሆን?

ፕሮግራመር፦ «አይ»ን ቀዳሚ ማድረግ ቀላል ነው። ሠሪውን ጠይቂው።

የአይሲቲ መምህርት (ደብረ ሲና)፦ እኔ አስቀድሞ ከመጠየቅ የሠሩትን መመለስ መቻል ይሻላል ባይ ነኝ። ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲወጣ «ትፈቅዳለህ?» እያለ ሰው አማሮ፣ ብዙው ሰው ሳያነብ ይፈቅድ ነበር፤ ሌላውም ጭራሽ አጠፋው። ጂሜይል ግን አይጠይቅም፤ ይልክና እስከ 30 ሰከንድ ድረስ መመለስ ያስችላል። ዊንዶውስም የሰረዛችሁትን ፋይል ሪሳይክል ቢን ያቆይላችኋል።

ሂሳብ ሠራተኛ፦ የተከፈለ ደሞዝም ሪሳይክል ቢን ይገባል እንዴ?

ፕሮግራመር፦ ሃሃ! አይገባም። ለዚያ ሳጥኗ ትኑር፤ ግን በ«አዎ» ፈንታ «ደሞዙን ክፈል» የሚል ቁልፍ ይኑራት፣ የሰውና የብሩን ልክም ትጻፍ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብቻውን ምን ይነግረናል?

ፋርማሲስት፦ እሺ ተረታሁ፣ ግማሹን። ግን ሳጥኗ ስህተት ስትል የስህተቱ ቁጥር ረጅም ነው፤ በስልክ ማንበብ አቃተኝ።

ፕሮግራመር፦ ሳጥኗ እንደተከፈተች ኮንትሮል ሲ ተጫኚ። የተለመደችው የዊንዶውስ ሳጥን ከሆነች ጽሑፏ ይቀዳል፤ ቴሌግራም ላይ ለጥፊልኝ።