የቤት ገመና መድረክ ላይ ይውጣ? በፈረንሳዩ «ማርቪን» ፊልም ላይ የተነሳ ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው መነሻችን አን ፎንቴን ያዘጋጀችው «ማርቪን» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2017 የፈረንሳይ ፊልም። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ማርቪን ቢዡ ቮዥ ተራሮች አካባቢ፣ ገጠር፣ ድሃ ቤት ያደገ ልጅ ነው። ጌይ ነው። ትምህርት ቤት ይተፉበታል፣ ያዋርዱታል። ቤትም ቢሆን እፎይ የሚልበት አይደለም። ርዕሰ መምህሯ ማዳም ክሌማን ከቲያትር ጋር ታስተዋውቀዋለች። ከዚያ ፓሪስ ይገባል፣ ስሙን ማርቲን ክሌማን ይላል፣ የቤተሰቡን ታሪክም ከታዋቂዋ ተዋናይት ኢዛቤል ኡፔር ጋር መድረክ ላይ ይጫወተዋል። ኡፔር ፊልሙ ውስጥ ራሷን ሆና ነው የገባችው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ የእናት አባትን ገመና ለተመልካች መሸጥ የአርቲስት መብት ነው ወይስ ክህደት? ስድብ የለም።

ቲያትረኛው፦ «መሸጥ» ካልክማ ፈርደህ ጨርሰሃል እኮ!

ጋሽ ተስፋ፦ አቋሜን ልናገር። እኔ በእምነቴ ይህን አኗኗር አልቀበልም። ልጅ ላይ መትፋት ግን የየትኛውም እምነት ሥራ አይደለም፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ልጁ የአባቱን ስም ጥሎ የርዕሰ መምህሯን ስም ወሰደ። የአባት ስም ለኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይሁን፣ ፈረንሳይ ነው። ግን ፊልሙ መነሻ ያደረገው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኤድዋር ሉዊ በ2014 ስለ ራሱ አስተዳደግ የጻፈውን ልቦለድ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ጋዜጠኞች ሰሜን ፈረንሳይ ያለችው መንደሩ አልንኩር ድረስ ሄዱ። እናቱ በተጻፈው አዝና ቅሬታዋን ተናገረች። ልጁ ፓሪስ ይጨበጨብለታል፤ ለእሷ መልስ መስጫ መድረክ የሰጣት ማን ነው?

ስም የለሽ፦ አውሮፓ ነው የምኖረው። ስሜን የማልጽፍበት ምክንያት ይገባችኋል። ጋሽ ተስፋ፣ በአክብሮት፦ የተተፋበት ልጁ ነው። የሚያፍረውም እሱ እንዲሆን ተደረገ። አሁን ደግሞ ሲናገር የቤተሰቡን ገመና አወጣ ይባላል። ገመናው የሱም እኮ ነው። ዝም ቢል ማን ነው የሚጠቀመው?

ቲያትረኛው፦ ፊልሙን ለሙያው ብዬ ነው ያየሁት። ቲያትር እዚህ ጋ መዝናኛ አይደለም። ልጁ ሰፈር ውስጥ የሚሰደብበት አነጋገሩና አረማመዱ መድረክ ላይ መሥሪያው ይሆናል። ይሄ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሉዊ ራሱ ከመንደሩ የወጣው አሚየን ከተማ ቲያትር የሚሰጥበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። በኛም አገር መድረክ የመረጠ ልጅ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ተብሎ ከቤት የተጣላበት ዘመን ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ያለውን ታሪክ ካልተጫወተ የማንን ይጫወት?

የሊዮኗ፦ እኔ ሁለታችሁም ጋ የለሁም። ፈረንሳይ ውስጥ የጽዳት ሥራ ላይ ነኝ፤ አብረውኝ የሚሠሩት የማርቪንን አባት የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። ገመናው መውጣቱ አይደለም ያናደደኝ። ግማሹ ብቻ መውጣቱ ነው። ፊልሙ ውስጥ አባትየው ቢራ፣ ቴሌቪዥን፣ ሻካራ ቀልድ ነው። ምን እንዲህ አደረገው? ፊልሙ አይጠይቅም። ሉዊ ግን ጠይቋል። በ2018 ስለ አባቱ ሌላ መጽሐፍ አወጣ። አባትየው ፋብሪካ ውስጥ ጀርባው ተሰብሮ የቀረ ሰው ነው። ሉዊ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንቶችን፣ ሺራክን፣ ሳርኮዚን፣ ማክሮንን በስም እየጠራ የእያንዳንዳቸው ውሳኔ አባቱን እንዴት እንደጎዳው ይዘረዝራል። በ2017 የቤት ኪራይ ድጎማ በወር 5 ዩሮ ሲቀነስ ለሀብታም ምንም አይደለም። ለኛ ግን የዳቦ ሂሳብ ነው። ፊልሙ ይህን ቢነካ ኖሮ አባትየው መሳቂያ ሆኖ አይቀርም ነበር።

ቲያትረኛው፦ እህቴ፣ ፊልሙ የወጣው በ2017 ነው። ያልተጻፈ መጽሐፍ ከየት ያምጡ?

የሊዮኗ፦ መጽሐፉ ባይኖርም ፋብሪካው ነበር።

አወያይ፦ ለመረጃ ያህል፦ ፊልሙ በወጣበት ዓመት ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ኩዊር ላየን የሚባለውን፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ሕይወት ለሚያሳዩ ፊልሞች የሚሰጠውን ሽልማት ወስዷል። ይህን የምለው የልጁን ሕመም በደንብ አሳይቷል የሚሉ ብዙዎች ስለሆኑ ነው። እኔም እስማማለሁ። አባትየው ላይ ግን ወደ የሊዮኗ አደላለሁ፤ አወያይ ነህ ዝም በል ካላላችሁኝ።

ጋሽ ተስፋ፦ የሊዮኗ ያለችው የኔን ነጥብ ያጠናክራል። አባቱ በ2018 ተካሰ እንበል። እናቱስ?

የሊዮኗ፦ ስለሷም በ2021 ጽፏል። ባሏን ትታ ፓሪስ ገብታ ሌላ ሕይወት እንደጀመረች።

ጋሽ ተስፋ፦ 7 ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ሕዝብ የሚያውቃት በመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። እኔ የምለው ከባድ ነገር አይደለም። በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ለባለቤቱ ይነበብለት። እሺ እንዲል አይደለም፤ አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

ቲያትረኛው፦ ማንበቡ ጨዋነት ነው። ግዴታ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚታገደው የደካማው ጽሑፍ ነው። አባት «አቁም» ካለ የ18 ዓመት ልጅ ምን አቅም አለው?

ስም የለሽ፦ የኔ አባት ቢነበብለት እስከ መጨረሻው አይሰማም፣ ጋሽዬ። የሚሰማ ቢሆን ኖሮ ለሱ ነበር የምነግረው፤ ለናንተ አልጽፍም ነበር።

ጋሽ ተስፋ፦ ለአንተ የምለው አጣሁ፣ ልጄ። ስለ ሉዊ እናት ያልኩትን ግን አላነሳም።