ልጄ ኳሱን ትቶ ፉቲ ልጫወት አለኝ (ሜልበርን)

ሰላም ለሁላችሁ። ሜልበርን ከመጣን ሶስት አመት ሆነን፣ ትልቁ ልጄ 13 አመቱ ነው፣ እግር ኳሱን ትቼ ፉቲ (ይሄ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የአውስትራሊያ ኳስ) ካልተጫወትኩ ብሎ አስጨነቀኝ። ያቺን እንቁላል የመሰለች ኳስ ሲሻሙ እንዴት እንደሚላተሙ ሳይ ሆዴ ይባባል። ደግሞስ የዚህ አገር ልጆች ገና በ5 አመታቸው ነው የሚጀምሩት፣ የሱ አልረፈደም ትላላችሁ?

*

እህቴ ረፈደ ስላልሽው አንድ ሰው ልንገርሽ። አሌክስ ጄሳውሌንኮ ይባላል፣ «ጄዛ» ካልሽ የድሮ የካርልተን (የሜልበርን የፉቲ ክለብ ነው) ደጋፊ ሁሉ ስራውን አቁሞ ነው የሚያወራሽ። በ1945 ሳልዝበርግ፣ ኦስትሪያ ተወለደ፣ አባቱ ዩክሬናዊ እናቱ ሩሲያዊት፣ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ናቸው፣ በ1949 እዚህ አገር ገብተው ካንቤራ ኖሩ። ልጁ እግር ኳስና ራግቢ ሲጫወት አድጎ ፉቲ የነካው አስራዎቹ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፣ ከዛ ኢስትሌክ ለሚባል የካንቤራ ክለብ ተጫወተና በ1967 ካርልተን ገባ፣ እስከ 1979 ድረስ 256 ጨዋታ፣ 424 ጎል። በ1970 ብቻ 115 አግብቷል! እንግዲህ ያንቺ ልጅ ነው የረፈደበት?

መላተሙን እኔም ስመጣ ድብድብ ነበር የመሰለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ 18 ለ18 ናቸው፣ አራት ቋሚ አለ፣ ኳሷ በመሀለኞቹ ካለፈች 6 ነጥብ፣ በዳሮቹ ከሆነ 1። ማርክ የሚሉት ደግሞ ከራቅ ብሎ የተመታ ኳስ መሬት ሳይነካ ከቀለብሽ ማንም ሳይነካሽ ኳሷን በእግርሽ ትመቻለሽ፣ ለመቅለብ ብለሽ ሰው ጀርባ ላይ በጉልበትሽ ብትወጪም ፋውል የለውም። ጄዛን ጄዛ ያደረገው ይሄ ነው፣ በ1970ው ፍፃሜ የተጋጣሚያቸው የኮሊንግዉድ ተጫዋች ግሬም ጄንኪን ትከሻ ላይ ተሰቅሎ የቀለባት ኳስ! ኮሜንታተሩ «ጄሳውሌንኮ፣ ዩ ቢዩቲ!» ብሎ የጮኸው እስከዛሬ ይደገማል፣ የአመቱ ምርጥ ማርክ ሜዳሊያም በሱ ስም ነው። (ጄንኪን ግን ያሳዝነኛል፣ ያን ያህል ተጫውቶ መሰላል ሆኖ ቀረ።)

ቀኑ ሴፕቴምበር 26 ነበር፣ በኛ መስከረም 16፣ ደመራ ማለት ነው። 121,696 ሰው ኤምሲጂ (የሜልበርን ትልቁ ስታዲየም) ገብቶ ካርልተን በእረፍት ሰአት በ44 ነጥብ እየተመራ ቆይቶ በ10 ነጥብ አሸነፈ።

*

ወንድሜ ዋናውን ረሳኸው፣ በ1979 እኮ ካፒቴንም አሰልጣኝም ሆኖ ነው ዋንጫ ያነሳው፣ እየተጫወተ እያሰለጠነ ዋንጫ የበላ ከሱ በኋላ የለም። ከዛ የክለቡ ፕሬዝዳንት ሲወርድ እሱም ጥሎ ሴንት ኪልዳ የሚባል ሌላ ክለብ ገባ፣ የካርልተን ሰዎች ዛሬም ሲያነሱት ይቆጫቸዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ስሙ ነው፣ ጄሳውሌንኮን ቆርጠው ጄዛ አሉት፣ የኔንም ልጅ ስም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲሁ አሳጥረውት እሱ ደስ ብሎታል፣ ስም ያወጡለት አያቱ ግን ስልክ ላይ ሲሰሙ ማነው እሱ አሉኝ ሃሃ

እህቴ አስመዝግቢው፣ ማውዝጋርድ (የጥርስ መከላከያ) ብቻ እንዳትረሺ።

*

እግዚአብሄር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማውዝጋርዱን ገዛሁለት፣ ማታም ሳያወጣው ሊተኛ ነበር። አሁን የቀረኝ ጨዋታው እሁድ ጠዋት መሆኑ ነው፣ ከቅዳሴ ጋር የሚገጥምባችሁ ሰዎች እንዴት ነው የምታደርጉት?