አያቴን ለመቅዳት የትኛው መቅጃ ይሻለኛል? (ሐዋሳ)

ቆሮሶ_ሾርባ
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ በሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ቤት ውለዋል፤ ወሬያቸው ግን አልቆመም። መረብ ድሮ በምን ይሠራ እንደነበር፣ አምባዛ በየት በኩል እንደሚደበቅ፣ ማን ከማን ጋር በጀልባ እንደተጣላ። ይሄን ሁሉ በድምፅ ማስቀረት ፈልጌያለሁ።

እስካሁን በስልኬ ነበር የምቀዳው። ወሬው ሲጥም ስልክ ይደወልና ቅጂው ይቆረጣል። ደግሞ ስልኩን ፊታቸው ሳስቀምጠው መስመር ላይ ሰው ያለ እየመሰላቸው ሰላምታ ይጀምራሉ።

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ቤታችን መናኸሪያ አካባቢ ስለሆነ ባጃጅ አይጠፋም። አንዳንዴም ፍቅር ሐይቅ ልወስዳቸው አስቤያለሁ፤ ውሃውን ሲያዩ ነው ትዝታው የሚመጣላቸው። አንዱ ዙም ኤች4ኤን ፕሮ ግዢ አለኝ፣ ሌላው ትንሿ ሶኒ ትበቃሻለች አለኝ። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ስላለ የማዘው ለእሱ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

የካሴት_ዘመን
እህቴ፣ ኤች4ኤን ፕሮ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ላንቺ ግን ትርፍ ነው። ከታች ያሉት ሁለት ትላልቅ ቀዳዳዎች የኤክስኤልአር ማይክ መሰኪያ ናቸው። ማይኩን ለብቻው ካልገዛሽ ለማትነኪው ነገር ትከፍያለሽ።

ሬዲዮ ስሠራ ብዙ መቅጃ በእጄ አልፏል። እኔ ብሆን ታስካም ዲአር-05ኤክስ ነው የምገዛው። ማይኮቹ ከየአቅጣጫው ይሰማሉ፤ አያትሽ ወሬ መሀል ፊታቸውን ወደ መስኮት ቢያዞሩም ድምፃቸው አይጠፋም። ባጃጁንም ይሰማል፣ አልዋሽሽም። ዙም ኤች1ኤን ፊት ለፊቱ ያለውን አጥርቶ ይይዛል፤ ግን ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ በእጅ ከያዝሽው የጣትሽ ኮሽታ ሁሉ ይገባል። ድንጋዩም ቀጭኑ ትሪፕል ኤ ነው። ታስካሙ ሁለት ደብል ኤ ይበቃዋል። እሱ ደግሞ የትም ሱቅ አለ፣ ቢቸግር ከግድግዳ ሰዓት ላይ ይነቀላል። ለቀረጻ ግን አልካላይኑን ግዢ፤ ሳትዘጊው ኃይል ከተቋረጠ ፋይሉ አልከፈት ሊልሽ ይችላል።

ከመቅጃው ይልቅ ወሳኙ ርቀቱ ነው። ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል አድርጊው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፃቸው በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ባጃጁ ግን ያው ነው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው፣ ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር ድው ይላል። ጋቢ አጥፈሽ ከሥር አድርጊ። ፍሪጁንም ንቀይው፤ መልሰሽ መሰካቱን እንዳትረሺ የቤት ቁልፍሽን ውስጡ ክተቺ። እኛ እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

ለሐይቁ ደግሞ ፀጉራሙን የማይክ ሽፋን አብረሽ እዘዢ። ስፖንጁ ብቻ ያንን ነፋስ አይችለውም። ከቻልሽ ጠዋት ውሰጃቸው።

ታቦር_ሥር
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ስልክ አትናቁ። የአውሮፕላን ሞድ ካደረግሽው ጥሪ አይገባም። ትንሽ የደረት ማይክ ከሰካሽበት ብዙ መቅጃ ያስንቃል።

ሶኒ ፒኤክስ470 ለክፍል ትምህርት እጠቀማለሁ። ዩኤስቢው ከራሱ ውስጥ ይወጣል፣ ገመድ አያስፈልገውም። ሰው ዝቅ ብሎ ሲናገር ግን ሽሽሽ የሚል አለው። ለማስታወሻ እንጂ ለቅርስ አልመክርም። አዲሱ ዙም ኤች1 ኢሴንሻልስ ምን ትላላችሁ? እንዳልል፣ ትክክለኛ ስሙ ኤች1 ኢሴንሻል ነው። በ32 ቢት ፍሎት ስለሚቀዳ የድምፅ መጠን ማስተካከል የለም።

ቆሮሶ_ሾርባ
የደረት ማይክ ሞክሬ ነበር። «ምን አመመኝና ነው ገመድ የምታስሪብኝ?» ብለው ነቀሉት 😂

ጋሼ፣ የድምፅ መጠኑን ስንት ላይ ላድርገው? ካርድስ?

የካሴት_ዘመን
ከት ብለው ሲስቁ መለኪያው ከ-12 ዴሲቤል የማያልፍ አድርጊው። ታቦር ያለው ዙም ከዚህ ጭንቀት ያድንሻል፣ እውነት ነው፤ ፋይሉ ግን የ16 ቢቱ እጥፍ ነው፣ ድንጋዩም ቀጭኑ ነው። አያትሽ ዝግ ብለው የሚያወሩ ስለሆኑ መጠኑ አያስቸግርሽም።

በዋቭ ቅጂ፣ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት ነው። በ16 ቢት፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ አንድ ሰዓት 600 ሜጋባይት አለፍ ይላል። 32 ጊጋ ካርድ 50 ሰዓት ገደማ ይይዝልሻል። ካርድ ላይ ግን ፎርጅዱ በዝቷል፤ ላዩ 64 ይላል፣ ውስጡ 8 ነው። እስኪሞላ ፋይል ገልብጪበትና መልሰሽ ክፈቺው። ከተከፈተልሽ በኋላ እዚያው መቅጃው ላይ ፎርማት አድርጊው።

ቆሮሶ_ሾርባ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ታስካሙን ከነፀጉራሙ አዝዣለሁ። ሲመጣ የመጀመሪያውን ቅጂ እንዴት ልጀምር? ወሬው ሲሞቅ ወደ ሲዳምኛ ይገባሉ፤ ላስቁማቸው?

የካሴት_ዘመን
በፍጹም! ይግቡ። ያልገባሽን ቃል ጽፈሽ ያዢ፣ ሲጨርሱ ትጠይቂያለሽ። ከመጀመራቸው በፊት ቀኑን፣ ቦታውንና ስማቸውን በራስሽ ድምፅ ተናገሪ፤ የፋይል ስም ይለወጣል። ማታውኑ ኮምፒውተር ላይ ገልብጪው። ሌላ ኮፒ ደግሞ በፍላሽ ለዱባዩ ዘመድሽ ስጪው፣ ይዞት ይሂድ።