የግንቦት የሙዚቃ ምሽቶች፦ ረቂቅ ዕቅድና የአባላት አስተያየት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። በግንቦት አራት ዓርቦች፣ በግቢው ትንሹ አዳራሽ፣ 120 ወንበር። መጀመሪያ ክራርና ማሲንቆ፣ ከዕረፍት በኋላ የተማሪዎቹ የጃዝ ቡድን፣ መዝጊያው የጋራ። መግቢያ 150 ብር። ገቢው ለባህል ቡድኑ ክራሮች ማስጠገኛ። በዕረፍቱ ቡና ከፈንዲሻ ጋር። ዕቅዱን የያዘው ደብዳቤ ሐሙስ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ አዳራሹ ከሞላ በምሽት 18,000 ብር ነው። ባለፈው ዓመት ግማሹ ሰው «የአባል እንግዳ ነኝ» እያለ ገብቷል። ዘንድሮ እንግዳ የሚባል አላውቅም። ድምፅ ማጉያ አመጣለሁ ያለው አባል የት አለ?

ማሲንቆ ተጫዋች፦ ፈንዲሻው ይውጣ።

ሳክስፎን ተጫዋች፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሚጫወቱት ከዕረፍቱ በፊት ነው።

ማሲንቆ ተጫዋች፦ መዝጊያውስ? በዕረፍት የተዘገነ ፈንዲሻ በዕረፍት አያልቅም። አምና ትዝታ ስጫወት ከፊት ረድፍ አንዱ ፍሬ በፍሬ ይቆረጥም ነበር። ማሲንቆ ያላት አንድ አውታር ናት፣ ያውም የፈረስ ጭራ። ለሳክስፎኑ ብዬ ከለመድኩት ከፍ አድርጌ ስቃኛት ሁለት ጊዜ ተበጥሳብኛለች። ይህን ሁሉ ችዬ ለመንጋጋ ማጀቢያ አልሆንም።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ፈንዲሻው የጋራው መዝጊያ ሲደርስ ይሰብሰብ። በጃዙ ጊዜ ቢቆረጠም ማን ይሰማዋል?

ሳክስፎን ተጫዋች፦ በእኛ ላይ ይቆርጠም ማለት ነው? ጃዝ የቡና ቤት ጫጫታ መሰለዎት? ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ሲጫወት የመጨረሻዋ ድምፅ እስክትጠፋ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ፈንዲሻ ካለ እኛ የለንም።

የቀድሞ ምሩቅ፣ ከዋሽንግተን፦ በ1960ዎቹ፣ በፈረንጆቹ፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲነሣ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናን አንድ መድረክ ላይ አሰልፎ ነበር። የእናንተ ዕቅድ ውስጥ በገና እንኳ የለም፤ ስለ ፈንዲሻ ትከራከራላችሁ።

ማሲንቆ ተጫዋች፦ በገና ፊት ፈንዲሻ! ይህንንም ለማየት ቆየሁ።

ክራር ተጫዋች፦ ቆሎ ይተካው።

ሳክስፎን ተጫዋች፦ ቆሎ ከፈንዲሻ ይብሳል።

ክራር ተጫዋች፦ ትኬት ሻጭ እሆናለሁ ያልኩት ቀርቷል። የሥራ ጉዳይ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የሥራ ጉዳይ ሳይሆን የቆሎ ጉዳይ ነው። ድምፅ ማጉያው?

ሳክስፎን ተጫዋች፦ ጋሼን በክፉ አልተናገርኩም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ባያሰማ እኔ ይህን መሣሪያ አልነካውም ነበር። መዝጊያውን በአንቺሆዬ ቅኝት እናድርገው። ፒያኖ ይቅር፤ አንቺሆዬ ሲደርስ ይገግማል፣ የማሲንቆ ጣት ግን ይንሸራተታል።

ማሲንቆ ተጫዋች፦ አንቺሆዬ ይሁን። ማክሰኞ ማታ ና፣ ከእኔ ጋር ቃኘው።

ቡና አፍይ፦ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ድፎ ዳቦ ልጋግር እችላለሁ። ድምፅ የለውም። ነገር ግን ለአራት ዓርብ አልጋግርም፤ ለአንድ ብቻ።

ጸሐፊ፦ ሦስተኛውና አራተኛው ዓርብ ፈተና ላይ ይውላሉ ተብሏል። ድምፅ ማጉያ ያለው አባል ስልክ አያነሣም። የተስተካከለው ረቂቅ፦ አንድ ምሽት፣ ግንቦት መጀመሪያ፣ ቡና ከድፎ ዳቦ ጋር፣ መግቢያ 200 ብር፣ ገቢው ለድምፅ ማጉያ መግዣ።

ክራር ተጫዋች፦ ክራሮቹስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ድምፅ ማጉያ ሲኖር የተሰነጠቀ ክራርም ይሰማል።

ክራር ተጫዋች፦ ስንጥቁ ነው የሚሰማው።

ጸሐፊ፦ ሐሙስ ደርሷል፤ በዚህ ይገባል። ሌላ አስተያየት?

ማሲንቆ ተጫዋች፦ ድፎው ከኮባው ተላቅቆ ይቅረብ። የደረቀ ኮባ ይንኮሻኮሻል።